እጅህን አላስጠፋም

ውድ አባዬ፥

ጤናህን ወንድሜ በየሁለት ቀኑ ስለሚነግረኝ አልጠይቅህም። የኔን ጤና ግን ይህን ደብዳቤ አንብበህ ስትጨርስ መጠራጠርህ አይቀርም። ሐሙስ ዕለት በስልክ "ፈርሚና ገላግይኝ" ስትለኝ "እሺ አባዬ" ብዬ ዘጋሁት። አልፈረምኩም። ወደፊትም አልፈርምም። ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ድምፅህን ስሰማ አፌ ከ"እሺ አባዬ" ሌላ ቃል ስለማያውቅ ነው፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት የለመደውን በአንድ ሐሙስ አይተውም። በወረቀት ላይ ግን ደፋር ነኝ። ቀኑን ሙሉ መዝገብ ቤት ተቀምጣ ወረቀት የምታገላብጥ ሴት ወረቀት አያስፈራትም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። አንተ ስለዚያ ፊልም ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ትንፍሽ ስላላልክ፣ እኔም ካንተ ወርሼ አፌን ይዤ ስለኖርኩ፣ አንድ ቀን አንዳችን መናገር ነበረብን።

የመጀመሪያው ፊልም "ትንሹ ዳኛ" ሲወጣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ በየበሩ እንጨት እያንኳኳ "ተፈርዶብሃል!" ይል እንደነበር ታስታውሳለህ። ቁመቱ ከክንድ የማይበልጥ፣ ጥቁር ካባ የለበሰ አሻንጉሊት በዳኛ መዶሻ ሰው ሲፈጅ የሚያሳይ ፊልም ነው። ያኛው አሻንጉሊት ከሱቅ የተገዛ ፕላስቲክ ነበር። ፊልሙ ተመልካች ሲያገኝ ዳይሬክተሩ ከዚያ በፊት የሆነውን፣ አሻንጉሊቱ እንዴት ዳኛም ገዳይም እንደሆነ የሚተርክ ሁለተኛ ፊልም ልሥራ አለ። ስሙን "ከፍርዱ በፊት" አለው። ሐሳቡ ትልቅ፣ ኪሱ ባዶ ነበር። ወደ አንተ ወርክሾፕ የመጣው እኮ የቢሮው በር አልዘጋ ብሎት ነው። መላጊያህን ቆሞ ሲያይ ቆየና "ሰው መሥራት ትችላለህ?" አለህ። አንተም ቀና ሳትል "በር የሠራ ሰው፣ ሰው አያቅተውም፤ ሁለቱም የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር ነው" አልከው። እኔ ጥግ ላይ የቤት ሥራዬን እየሠራሁ ነበር። ሰውዬው እስኪያስነጥሰው ሳቀ።

ከእንጨት ቀረጽከው። ካባውን እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከአሮጌ ኮቷ ገበር ሰፋችለት። አንገቱን ግን እንደ አሻንጉሊት ሳይሆን እንደ በር መቃን ገጠምከው፤ ምላሱን ቀዳዳው ውስጥ ጥብቅ አድርገህ ከተትክ። "የሚወላገድ ነገር ከቤቴ አይወጣም" አልክ። ውሉ ላይም ለበር ሁሉ የምታስጽፈውን ዐረፍተ ነገር አስጻፍክ፤ "ቢጣበቅ እኔ ራሴ እመጣለሁ እንጂ ሌላ ሰው መላጊያ አያሳርፍበትም፤ ያለ እኔ ፈቃድም አይለወጥም።" ዳይሬክተሩ ቀልድ መስሎት ፈረመ። ዛሬ ያ ቀልድ ነው ፊርማህን አስፈላጊ ያደረገው።

የመጨረሻው ቀን ከሌሊት ጀምሮ ሲዘንብ የነበረ ቀን ነው። ካሜራው ከእኩለ ቀን በፊት ለባለቤቱ መመለስ ነበረበት። የቀረው አንድ ትዕይንት ብቻ ነበር፤ ትንሹ ዳኛ የሚፈርድባቸው ሁሉ ካለቁ በኋላ አንገቱን አዙሮ፣ የፍርድ ቤቱ ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ የተኛችውን ልጅ ማየት አለበት። አንተ ከጠረጴዛው ስር ተጋድመህ አንገቱን የሚያዞረውን ዘንግ ይዘሃል። እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል። "ቀጥል!" አለ ዳይሬክተሩ። አንገቱ ንቅንቅ አላለም። "ቀጥል እንጂ!" አለ ደግሞ። ያኔ ነው ከግራ በኩል እጅህ የገባችው። ማንም አላዘዘህም። በሁለት ጣት አገጩን ይዘህ ቀስ አድርገህ ፊቱን ወደ ልጅቷ መለስክና እጅህን አወጣህ። አራት ሰከንድ። ደግሞ ለመቅረጽ ጊዜ ስላልነበረ እጅህ እንዳለች ፊልሙ ውስጥ ቀረች።

ፊልሙ ሲመረቅ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ጋዜጣው በማግስቱ "እጅ እግር የሌለው ፊልም" ብሎ ጻፈ። አንተ መብራት ሳይበራ ወጥተህ ሄድክ። አሻንጉሊቱን በጆንያ ጠቅልለህ ቁም ሳጥን ላይ ሰቀልከው፤ ከዚያ ወዲያ የቀረጽከው ነገር የለም። በርና መስኮት፣ በርና መስኮት፣ ከዚያ ጡረታ።

አሁን ዳይሬክተሩ ሞቶ ልጁ ፊልሞቹን ወርሳለች። በአዲስ መልክ ልታወጣቸው ነው። "ስህተቷን በኮምፒውተር እናጠፋታለን" አለችህ፤ አንተም እንደ ትልቅ ውለታ ቆጥረህ ወደ እኔ ላክሃት፤ ውክልናህ እኔ ዘንድ ነውና።

እስቲ ስለማታውቃቸው ሰዎች ልንገርህ። ከምሠራበት ፍርድ ቤት ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለች። ከሦስት ዓመት በፊት የመዝገብ ቤቱ ማሽን ሲበላሽብን አንድ ክምር ወረቀት አቅፌ ሄድኩ። ባለቤቱ፣ ሁሉም ሰው "ኮፒው" የሚለው ቀጭን ሰው፣ ከማሽኑ በላይ የትንሹን ዳኛ ፎቶ ለጥፏል። የፕላስቲኩን አይደለም። ያንተን። የእማዬን ኮት ገበር ከሩቅ ለየሁት። ወረቀቱን እንዳቀፍኩ አንጋጥጬ አየሁት።

"ታውቂዋለሽ እንዴ?" አለኝ።

"የት አውቀዋለሁ!"

"እንግዲያው ቅዳሜ ከሰዓት ነይ፤ ትተዋወቃላችሁ።"

ሄድኩ። ከሱቁ ጀርባ በወረቀት ካርቶኖች መካከል አሥራ አንድ ሰው ተደርድሯል። ራሳቸውን "ችሎት" ይላሉ። በወር አንድ ቅዳሜ ተሰብስበው "ከፍርዱ በፊት"ን ያያሉ። ኮፒው በስቴፕለር ጠረጴዛ መትቶ "ችሎቱ ተሰይሟል!" ይላል፤ አርፍዶ የመጣ ሰው ቆሞ እንዲያይ ይፈረድበታል። መጀመሪያ የሚያላግጡ መስሎኝ ነበር። መጥፎ ፊልም ሰብስቦ መሳቅ የሚወድ ሰው ሞልቷል፤ እንዲያ ቢሆኑ ኖሮ በመጣሁበት እግሬ እመለስ ነበር።

እነዚህ ግን ሌላ ናቸው፣ አባዬ። የፊልሙን ጉድለት ካንተ በላይ ያውቁታል። ኮሪደሩ የትምህርት ቤት ኮሪደር እንደሆነ፣ በአንድ በር ስንጥቅ ጥቁር ሰሌዳ እንደሚታይ፣ ደሙ የቲማቲም ድልህ እንደሆነ፣ የካባው እጅጌ አንዱ ትዕይንት ላይ ተቀዶ በሚቀጥለው ደህና እንደሚሆን በቃላቸው ይዘውታል። ይህን ሁሉ ቆጥረው ሲያበቁ ይወዱታል። ከመካከላቸው አንድ የሒሳብ አስተማሪ አለ፤ አንድ ቀን "ደሃ ፊልም ነው፤ ውሸታም ግን አይደለም" አለ። ልቤ ውስጥ ገባ።

ደግሞ እስቲ አስበው፣ ታሪኩ ምን አጠፋ? አንድ አባት ክስ መሥርቶ ቀጠሮ ሲሰጠው፣ ደግሞ ቀጠሮ ሲሰጠው፣ ትንሿ ልጁ አራት ዓመት ኮሪደር ላይ ታድጋለች። እንዳይሰለቻት አሻንጉሊት ቀረጸላት። እሷም ካባ አልብሳ ዳኛ አደረገችው፤ ሌላ ምን ታውቃለች? አንድ ቀን "ፋይላችሁ ጠፍቷል" ተባሉ። በዚያ ቀን አሻንጉሊቱ ተነሥቶ ቆመ። መጀመሪያ የሚሞተው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነው። እሱ ሲወድቅ አሥራ አንዱም ያጨበጭባሉ። ፋይል ጠፍቶበት አልቅሶ የማያውቅ ማን አለ? የኔን ሥራ ሲሰሙማ ጉድ ፈላ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በገባሁ ቁጥር "ሟቿ መጣች፣ ወንበር ልቀቁላት!" ይሉኛል። ሟች ስሆን የተከበርኩት እዚያ ብቻ ነው።

እጅህ ስትገባ ግን ማንም አይስቅም። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ጥርሴን ነክሼ ሳቁን ብጠብቅ አልመጣም። ከጎኔ የተቀመጠች አንዲት ነርስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ "እኔ በቀን ሃያ በሽተኛ አገላብጣለሁ። እንደዚህ አድርጎ አገጭ ይዞ ፊት ማዞር የሚችል ሰው ጥቂት ነው። ይሄ ሰውዬ የሠራውን ይወዳል" አለችኝ። የማን እጅ እንደሆነ አታውቅም እኮ! ማናቸውም አያውቁም ነበር። በፊልሙ የስም ዝርዝር ላይ "አሻንጉሊት፦ አናጺው" ይላል፣ በቃ።

አንድ ዓመት ሙሉ ልጅህ መሆኔን አልነገርኳቸውም። አፍሬ ነው። ባንተ አይደለም፤ በራሴ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ስለ አውራ ጣትህ ጥፍር ተጨቃጨቁ። ጥቁረቷ አስተማሪውን እንቅልፍ ነስታው ኖሯል። "ፈጣሪ በፍጡሩ ኃጢአት መርከሱን ታመለክታለች" ሲል፣ ኮፒው ደግሞ "ኧረ ቀለም ነው፣ ሜካፕ ነው!" እያለ ሲሟገቱ አላስቻለኝም።

"መዶሻ ነው" አልኩ።

ዞረው አዩኝ።

"የጎረቤታችንን መስኮት ሲያበጅ ስቶ መታው። ፋሻውን ያሰርኩለት እኔ ነኝ። አባቴ ነው።"

ኮፒው ተነሥቶ ፊልሙን አቆመ። አስተማሪው መነጽሩን አውልቆ፣ "የጎረቤት መስኮት..." አለ፤ "ይሄማ እኔ ካልኩት ይበልጣል።" ነርሷ እጄን ያዘችኝ። አለቀስኩ፤ እነሱ ያስለቀሰኝ ናፍቆት መሰላቸው።

ናፍቆት አልነበረም። ይኸውልህ፣ ይህን ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። በምረቃው ቀን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ነበርኩ፤ አንተ ከኋላችን ነህ። እጅህ ስትገባ ገና የሳቀ የለም። አጠገቤ የነበረችው ልጅ "የማን እጅ ነው ባክሽ?" አለችኝ። እጅህን አወቅኳት። ፋሻዋን ያሰርኩላት፣ የፈታሁላት እኔ ነኝ፣ እንዴት አላውቃት? "እኔ ምን አውቃለሁ፤ የአንዱ ጅል እጅ ይሆናል" አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንዲስቁልኝ ብዬ። ሳቁ። ሳቁም ከኛ ረድፍ ወደ ኋላ ተላለፈ። የአዳራሹ ሳቅ ከየት እንደተነሣ ስትጠይቅ ኖረህ ከሆነ፣ ከኔ ነው የተነሣው። ዘወር ስል ወንበርህ ባዶ ነበር።

ሰምተህ ይሁን አልሰማህ አላውቅም። አልጠየቅኩህም። ቤት ስንገናኝ "ራት በልተሻል?" አልከኝ እንጂ ሌላ አላልክም። እኔ ደግሞ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ በአሥራ ስድስት ዓመት ሰው ይቅርታ ከመጠየቅ መሞት ይቀለዋል። ይቅርታ፣ አባዬ። ዘግይቶ ነው፣ ግን ይቅርታ።

ታዲያ አሁን ደግሞ ብዕር አንሥቼ "አዎ፣ አጥፏት" ብዬ ልፈርምልህ ትፈልጋለህ። በአፌ የካድኩትን በፊርማዬ እንድክድ። ሞቼ ነው ቆሜ!

ትናንት የዳይሬክተሩ ልጅ ቢሮ ሄጄ ነበር። ሰው አክባሪ ልጅ ናት፤ ክፉ አይደለችም። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ።

"እኔ እኮ ለአባትሽ ክብር ብዬ ነው፣ እህቴ" አለችኝ።

"ለክብሩ ብለሽ እጁን ትቆርጪዋለሽ?"

"ኧረ በሞቴ አትቆጪ! አራት ሰከንድ እኮ ናት።"

"አራት ሰከንድ ብቻ ከሆነች ምን አስቸገረችሽ?"

ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችና ያጸዱትን አሳየችኝ። እጅህ የለችም። አሻንጉሊቱ ራሱ፣ ያለ ማንም፣ እንደ ቅቤ ለስልሶ አንገቱን ያዞራል። ልጅቷን ያያታል። አባዬ፣ መቶ ጊዜ ያየሁት ፊልም ነው፤ ትናንት ግን ፈራሁት። ሰባት ሰው የገደለ ነገር በገዛ ፈቃዱ ዞሮ የተኛች ሕፃን ሲያይ ምን ይታሰብሃል? ሊገድላት ነው! በቃ፣ ሊገድላት ነው ትላለህ። ያንተ እጅ ባለችበት ግን ማንም እንዲህ አያስብም። የሠራው ሰው መጥቶ፣ አገጩን ይዞ፣ "ተው፤ አሁን ይችን እያት" ብሎታል። ፍርዱ አበቃ፣ ልጅቷ ትተርፋለች። እጅህ ከጠፋች ያችን ልጅ የሚያተርፋት የለም።

ይህንኑ ነገርኳት። "አባቴም በሕይወት ሳለ እንድትጠፋ አይፈልግም ነበር፤ ምክንያቱን ግን ነግሮኝ አያውቅም" አለችኝ። ትሰማለህ? ዳይሬክተሩ ራሱ አይፈልግም ነበር። አንተ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ፊልሙን ያበላሸህበት መስሎህ ከሰውዬው መንገድ ስትሸሽ ኖርክ፤ እሱ በዚህ ሲያልፍ አንተ በዚያ።

ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። "የሰው መሳቂያ ሆኜ አልቀር" ትላለህ። ይሳቁ! የሳቀ ሁሉ የት ደረሰ? ያ ጋዜጣ ተዘግቷል፣ የጻፈውን ሰው ስሙን የሚያስታውስ የለም፤ እጅህን ግን አሥራ አንድ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ይሥላታል። "ሥራዬ አልነበረም፣ ስህተት ነው" ትላለህ። አንተ እኮ ነህ "ቢጣበቅ እኔ ራሴ እመጣለሁ" ብለህ ያስጻፍከው። ተጣበቀ፤ መጣህ። ስህተቱ የቱ ላይ ነው? "አንቺ ምን አገባሽ" ደግሞ እንዳትለኝ። ያገባኛል። የተሳቀው ባንተ ነው፤ ያሳቅኩት እኔ ነኝ። ከዚህ በላይ የሚያገባው ሰው ካለ ይምጣ።

ችሎቱ ጉዳዩን ሰምቶ ተነሥቷል። ነርሷ ከሆስፒታሉ የአርባ ሁለት ሰው ፊርማ አምጥታለች፤ ግማሾቹ ፊልሙን አላዩትም፣ እሷን ፈርተው ነው የፈረሙት። አስተማሪው ስምንት ገጽ ማመልከቻ ጽፎ ኮፒው በነፃ ሁለት መቶ አባዝቶታል። እኔ ግን ይህ ሁሉ ፊርማ ያንተን አንድ ፊርማ እንደማያሸንፍ በሥራዬ አውቃለሁ። ሕግ ካንተ ጋር ነው። ማጥፋት ከፈለግህ ትችላለህ። በኔ እጅ ግን አይደለም።

ስለዚህ ውክልናህን በዚሁ ፖስታ መልሼልሃለሁ። ማኅተሙ እንዳለ ነው፤ እኔ ላይ እምነት በማሳደርህ አመሰግናለሁ፣ ተወካይነቱ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቅርብኝ። የዳይሬክተሩ ልጅ ደግሞ አንድ ነገር እሺ ብላኛለች፤ ባለመብቱ ራሱ ካልመጣ፣ መጥቶም ፊልሙን እስከ መጨረሻው ካላየ አታስፈርምም። አንተ እኮ እጅህ ከወጣች በኋላ ያለውን አይተኸው አታውቅም፤ ልጅቷ ስትነቃ አላየህም።

የሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጀርባ። ወንድሜ አውቶቡስ ላይ ያሳፍርሃል፤ መናኸሪያ እኔ እጠብቅሃለሁ። ሰዎቹን አታስብ፣ ማንም ተነሥቶ አያጨበጭብልህም፤ አስጠንቅቄያቸዋለሁ። ከጎኔ ትቀመጣለህ። ያቺ ትዕይንት ስትደርስ አንዱ "የማን እጅ ነው?" ብሎ እንዲጠይቀኝ ለምኛቸዋለሁ፤ አንተ እየሰማህ የምመልሰው ነገር አለኝ።

ከዚያ በኋላም "ትጥፋ" ካልክ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው። እስክሪብቶ ግን ከቤትህ ይዘህ ና፤ እኔ አላቀብልህም።

የአናጺው ልጅ